ሳይታከም የቆየ ወለምታ ይዞ ወደ ሜዳ መመለስ

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከአያት እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ከየካ አባዶ እስከ ጀሞ፣ እሑድ ማለዳ የጤና ቡድኖች በሚሰበሰቡባቸው ሜዳዎች ሁሉ ቁርጭምጭሚቱን በፋሻ ጠቅልሎ የሚገባ ተጫዋች አይጠፋም። ምን እንደሆነ ሲጠየቅ «የድሮ ወለምታ ነው» ብሎ ያልፈዋል። በወጣትነቱ እግሩ ታጠፈ፣ አበጠ፣ አንድ ሁለት ሳምንት አነከሰ፤ ከዚያ ሕመሙ ሲተወው እሱም ነገሩን ተወው። ሐኪም አላየውም፤ ቢበዛ ወጌሻ አሽቶታል። አሁን ክብደት ጨምሮ፣ ከወንበር ሥራ ተነሥቶ ወደ ሩጫና ወደ ኳስ ሲመለስ ያው እግር ብዙም ሳይቆይ እንደገና ይታጠፋል።

የሕመም መጥፋትና የእግር መዳን ለየቅል ናቸው። በወለምታ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዱት ቁርጭምጭሚቱን በውጭ ጎን አስረው የያዙት ጅማቶች ናቸው። እነዚህ ጅማቶች አጥንት ከማሰር ሌላም ሥራ አላቸው፤ እግሩ ወዴት እንደተጋደመ ለአንጎል የሚያስታውቁ ነርቮች በውስጣቸው አሉ። ጅማቱ ሲጎዳ መልእክቱ ይዘገያል። ድንጋይ ሲረግጡ እግሩን ወደ ቦታው መመለስ ያለባቸው በባት ውጭ ጎን ያሉት ጡንቻዎች ናቸው፤ ትእዛዙ ሲደርሳቸው ግን እግሩ ቀድሞ ታጥፏል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ መገጣጠሚያውን ለማላላት፣ ጡንቻውን ለማጠንከርና የዘገየውን ስሜት ለማንቃት ነው። ሦስቱም ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳን ይሻሻላሉ።

በስንት ቀን ያልቃል ለሚለኝ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ወር ያስብ እላለሁ፤ ግን ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚያሳልፈው ፈተናው እንጂ የቀን መቁጠሪያው አይደለም።

አንደኛ፦ ሐኪም የሚያስፈልገውን እግር መለየት

ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ፣ እብጠቱ ከዓመታት በኋላም ካልጎደለ፣ መገጣጠሚያው በእንቅስቃሴ መሃል ቀጥ ብሎ የሚያዝ ከሆነ፣ ሕመሙ ከውስጥ ጠልቆ የሚሰማ ከሆነ፣ ለጥ ባለ መንገድ ላይ ሳይቀር እግሩ የሚከዳ ከሆነ፣ ወይም አጥንቱ ራሱ በጣት ሲጫኑት የሚያም ከሆነ ልምምዱን ያቆዩት። በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱና ወደ ሆስፒታል አጥንት ክፍል ሪፈር እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ። የስኳር ሕመም ኖሮበት የእግሩ ስሜት የቀነሰ ሰውም ያለ ሐኪም ምክር አይጀምር።

ራጅ አጥንትን ያሳያል እንጂ ጅማትንም ሆነ በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለውን ለስላሳ አጥንት አያሳይም። «ራጅ ተነሥቼ ምንም የለም ተባልሁ» የሚለው ንግግር የአጥንቱን ጉዳይ ብቻ ይዘጋል። እግሩ የሚያዝ ወይም ከውስጥ የሚያም ከሆነ ሐኪሙ እነዚህንም የሚያሳየውን የኤምአርአይ ምርመራ ሊያዝዝ ይችላል። አጥንቱ ደህና ነው ከተባለ ደግሞ ወደ ፊዚዮቴራፒ እንዲላኩ አፍ አውጥተው ይጠይቁ፤ ካልጠየቁ የሕመም ማስታገሻ ብቻ ይዘው ሊመለሱ ይችላሉ።

ወጌሻን መናቅ አልፈልግም፤ በሜዳ ላይ ብዙ ተጫዋች ያቆሙ እጆች አሉ። ነገር ግን የላላ ጅማት በመታሸት አይጠብቅም። ሲጎትቱት «ቀጭ» የሚለው ድምፅም አጥንት ቦታው ለመግባቱ ማስረጃ አይደለም። አዲስ ጉዳት ላይ በቀርከሃ ጠብቆ የታሰረ እግር ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ የደረሰበት አጋጣሚ በሆስፒታሎቻችን በተደጋጋሚ ታይቷል። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ስንል የእግሩስ ይታሻል፣ ይድናልም ብለን የተቀበልን ይመስላል። ቅቤው ቆዳ ያለሰልሳል፤ ከዚያ አያልፍም።

ሁለተኛ፦ የደረቀ ነው የላላ?

የቆየ ወለምታ ደርቆ ይቀራል፣ ወይም ላልቶ ይቀራል። ብዙ ጊዜም ሁለቱ ባንድ እግር ላይ ይገኛሉ፦ ወደ ጎን የላላ፣ ወደ ፊት የማይታጠፍ። ይህን ሳይለዩ የሚሠራ ልምምድ ድካም ብቻ ነው። ሦስት ፈተናዎች ይበቃሉ፤ ሁሉንም በደህናው እግር ይጀምሩ፤ መለኪያዎ እሱ ነውና።

የመጀመሪያው የግድግዳ ፈተና ነው። ጫማ አውልቀው ግድግዳ ፊት ይቁሙና ተረከዝዎን ከወለሉ ሳያነሡ ጉልበትዎን አጥፈው ግድግዳውን ይንኩ። ከነካ እግሩን በጥቂቱ ወደ ኋላ ያርቁና ይድገሙት። ተረከዝ ሳይነሣ ጉልበት የሚነካበትን የመጨረሻ ቦታ ሲያገኙ ከግድግዳው እስከ አውራ ጣት ጫፍ ያለውን ርቀት በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ። ደህና እግር አብዛኛውን ጊዜ 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ ከቁጥሩ ይልቅ ግን በሁለቱ እግሮች መካከል ያለውን ልዩነት ይመልከቱ። ጉዳተኛው ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ካነሰ ደርቋል ማለት ነው። የሚይዝዎ ከኋላ፣ ባት ላይ ከሆነ በማሳሳብ ይለቃል። ከፊት፣ በቁርጭምጭሚቱ እጥፋት ላይ የመቆንጠጥ ስሜት ካለ ግን በግድ አይግፉት፤ ይህን ፊዚዮቴራፒስት ይየው።

ሁለተኛው የጥንካሬ ፈተና ነው። በአንድ እግር ቆመው፣ ለሚዛን ያህል ብቻ ግድግዳ ነክተው፣ ጉልበት ሳያጥፉ ተረከዝዎን እስከ መጨረሻው ያንሡና ይመልሱ። ለጤናማ ወጣት 25 ጊዜ እንደ መለኪያ ይወሰዳል፤ ዕድሜ ሲገፋ ቁጥሩ ይቀንሳል። በዚህም ቢሆን የሚታየው ልዩነቱ ነው፤ አንዱ እግር 20 ሠርቶ ሌላው 9 ላይ ከተንቀጠቀጠ ችግሩ የት እንዳለ ታወቀ።

ሦስተኛው ሚዛን ነው። በባዶ እግር፣ በአንድ እግር፣ ዓይን ከፍቶ 30 ሰከንድ መቆም፤ ከዚያ ዓይን ጨፍኖ 10 ሰከንድ። የተጎዳ እግር ዓይን ሲከፈት በዓይን እየተረዳ ይቆማል፤ ዓይን ሲጨፈን ነው ጉዱ የሚወጣው። ግድግዳ አጠገብ ይሥሩት።

ውጤቱን ከነቀኑ በደብተር ጽፈው ያስቀምጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ «ተሻለኝ መሰለኝ» ከማለት ያድናል።

ሦስተኛ፦ መተጣጠፉን መመለስ

ፈተናው ራሱ ልምምድ ይሆናል። ግድግዳው ፊት ቆመው ጉልበትዎን በዝግታ ወደ ፊት እየገፉ መመለስ፣ 15 ጊዜ በሦስት ዙር፣ በየቀኑ። ጉልበትዎ ወደ ውስጥ እንዳይጋደም በሁለተኛው ጣት ትይዩ ይሂድ። የእግሩ ውስጠኛ ቅስት ወደ ወለሉ ከተደፋ ቁርጭምጭሚቱ ሳይሆን መሃል እግሩ እየታጠፈ ነውና ያቃኑት።

ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው እግርዎን አንጠልጥለው በአውራ ጣትዎ አየር ላይ ፊደል ይጻፉ። 231ዱን ሆሄያት መጨረስ አያስፈልግም፤ ከሀ እስከ ሠ ያሉት ሰባት ሰባት ቤቶች ይበቃሉ። ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ሥር የሚሠራ ነው፤ ማንም አያይም።

አራተኛ፦ ደረጃው ላይ ማጠንከር

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ሊፍት የለም ብሎ ሲያማርር ይኖራል። ለዚህ ሥራ ግን ከደረጃ የተሻለ ዕቃ በጂም ውስጥም አይገኝም።

በደረጃው ጠርዝ ላይ በእግርዎ ፊተኛ ክፍል ቆመው፣ ድጋፉን ይዘው፣ ተረከዝዎን በሦስት ሰከንድ ያንሡ፣ በሦስት ሰከንድ ከጠርዙ በታች ዝቅ ያድርጉ። ዝግታው ግዴታ ነው፤ በችኮላ ከፍ ዝቅ የሚል ሰው ጡንቻውን ሳይሆን ጅማቱን እያስነጠረ ይሠራል። በሁለት እግር 15 ጊዜ በሦስት ዙር ሲቀልዎ በሁለት ተነሥተው በአንድ ይውረዱ፤ ከዚያም በአንዱ ብቻ ይሥሩ። ያም ሲቀል ውኃ የሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በአንድ እጅዎ ይያዙ፤ 5 ኪሎ ማለት ነው። በየሁለት ቀኑ ይሥሩት እንጂ በየቀኑ አይደለም፤ ጡንቻ የሚጠነክረው በሚያርፍበት ቀን ነው።

ሰዎች የሚዘሉት ደግሞ ይህኛውን ነው፦ እግር ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ የሚከላከሉትን የውጭ ጎን ጡንቻዎች ማሠራት። ሰፈር ውስጥ ካለ ጎሚስታ ያረጀ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ይለምኑ፤ ብዙ ጊዜ በነፃ ይሰጣል። ቆርጠው አንዱን ጫፍ የአልጋ እግር ላይ አስረው ሌላውን በእግርዎ ጫፍ ላይ ያጥልቁ። እግርዎን ዘርግተው ተቀምጠው፣ ጉልበትዎ ሳይዞር፣ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለውን ብቻ ወደ ውጭ እየጎተቱ በዝግታ ይመልሱ። 15 ጊዜ በሦስት ዙር። ጉልበቱ አብሮ ከዞረ የሚሠራው ጭን ነው፤ ዓይንዎን ጉልበትዎ ላይ ያድርጉ።

ወደ ቀጣዩ የሚያሳልፈው ፈተና ጉዳተኛው እግር በአንድ እግር ተረከዝ ማንሣት ደህናው ከሚሠራው ቢያንስ ዘጠና በመቶውን ሲሠራ ነው። 20 ለሚሠራ ሰው 18 ማለት ነው።

አምስተኛ፦ የጠፋውን ስሜት ማንቃት

ይህኛውን ከአራተኛው ጋር ጎን ለጎን፣ በየቀኑ፣ ለአጭር ጊዜ ይሥሩ። ጠዋት ጥርስዎን ሲፋቁ በአንድ እግር ይቁሙ፤ ማታ በሌላው። ወለል ላይ ሲቀል አራት እጥፍ ያጠፉት ጋቢ ላይ ይቁሙ፤ ከዚያ ቁራጭ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ። በመጨረሻም በአንድ እግር ቆመው ኳስ ግድግዳ ላይ እየወረወሩ ይቅለቡ። የኋለኛው ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሜዳ ላይ ማንም እግሩን እያሰበ አይጫወትም፣ ሐሳቡ ኳሱ ላይ ነው፤ እግሩ ያለ እርስዎ ሐሳብ ራሱን መጠበቅ ይማር። የሚንከባለል ጠርሙስ ላይ መቆም ግን ድፍረት እንጂ ልምምድ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ሥራ ጥቂት ብቻ የመሥራት ጊዜ ያለው ሰው ሌላውን ትቶ ይህን ይያዝ። ወለምታ እንዳይደገም በመከላከል የሚዛን ልምምድ ጥቅሙ በሚገባ የተረጋገጠ ነው፤ ወጪውም ባዶ ነው።

ስድስተኛ፦ መዝለል

በሁለት እግር ባለበት፣ ከዚያ ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ ጎን፤ ያ ያለ ሕመም ሲያልቅ በአንድ እግር በዚያው ቅደም ተከተል። ሲያርፉ ጉልበት ይታጠፍ፣ ድምፅም አይሰማ። የታችኛው ጎረቤት በር ካንኳኳ አስተራረፍዎ ገና ነው። በአንድ እግር ሦስት ጊዜ ወደ ፊት ዘልለው ያረፉበትን በሜትር ይለኩ፤ ሁለቱ እግሮች ሲቀራረቡ ሩጫ ይጀመራል።

ሰባተኛ፦ ሶምሶማ፣ የት እና መቼ

በመጀመሪያ 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ያድርጉ። በነጋታው እብጠትና ሕመም ከሌለ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያሉ 20 ደቂቃ ይሙሉ፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመካከሉ እያረፉ። የሩጫውን ደቂቃ ቀስ በቀስ ይጨምሩ። ለሕመሙ ከአሥር ነጥብ ቢሰጡት እስከ ሦስት ድረስ ይታገሡት፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። እብጠት በዓይን ያታልላልና የልብስ ሰፊውን ሜትር በቁርጭምጭሚቱና በእግሩ ቅስት ላይ ስምንት ቁጥር አስመስለው ጠምጥመው ይለኩ፤ ከሩጫው በፊትና በማግስቱ። ከጨመረ ወደ ቀደመው ሳምንት ይመለሱ።

ቦታ መምረጥ በከተማው ዳርቻ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ኮብልስቶን ለጤናማ እግርም አይመችም፤ የላላ እግር ደግሞ በየእርምጃው ይፈተንበታል። የእንጦጦ ጫካ መንገድ ያምራል፤ የባሕር ዛፍ ሥርና ከጫማ በታች የሚንከባለለው ፍሬው ግን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይሆኑም። የሱሉልታ መስክ ከሩቅ ለጥ ያለ ይመስላል፤ ሣሩ ሥር ከብት በጭቃ ጊዜ የረገጠው ጉድጓድ ደርቆ ይጠብቃል። ከዚያም በላይ ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ነው፤ የእንጦጦ ከፍታ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። ትንፋሽ ሲያጥር ጡንቻ ይደክማል፤ የደከመ ጡንቻ ዘግይቶ ይመልሳል፤ እግር የሚታጠፈውም ያኔ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለጥ ያለ አስፋልት ወይም የትምህርት ቤት ሜዳ ይምረጡ። አስፋልቱ ወደ ጠርዙ ስለሚዘቀዝቅ በመሄጃና በመመለሻ ጎን ይቀይሩ። ጎህ ሳይቀድ አይውጡ፤ ክዳን የሌለው ቱቦ አይታይም፣ ውሻም በድንገት ያስዘልላል።

ወቅቱንም ይጠቀሙበት። በሐምሌና በነሐሴ ዋልካው ጫማ ይዞ በሚያስቀርበት ጊዜ ለመሮጥ ከመታገል የቤት ውስጡን ሥራ፣ ማለትም ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ያለውን፣ በክረምት ጨርሰው ከመስቀል በኋላ መሬቱ ሲደርቅ ሩጫ መጀመር ይሻላል። ኅዳር ላይ የታላቁ ሩጫን 10 ኪሎ ሜትር ያሰበ ሰው በዚህ ስሌት ሳይቸኩል ይደርሳል። በዕለቱ መነሻው ላይ ያለውን ግፊያና ውኃ ከሚታደልበት ቦታ በኋላ አስፋልቱን የሚሞላውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ግን ይጠንቀቁ፤ ከጠርዝ ጠርዝ ሄዶ መሃሉን ለቸኮሉት መተው ነው።

ስምንተኛ፦ ኳስ

እዚህ ላይ የሚያበላሸው እግሩ ሳይሆን ጓደኛ ነው። «ሰው ጎድሎናል፣ ዝም ብለህ በረኛ ሁን» ይባላል። በረኛነት ዕረፍት አይደለም፤ በረኛ በአንድ እግር ገፍቶ ወደ ጎን ይወረወራል፣ ከሰው መሃል ዘልሎ ሰው እግር ላይ ያርፋል። ዳኝነትም ቢሆን ወደ ኋላ መሮጥና በድንገት መዞር አለበት። ቡድኑን ማገልገል ለፈለገ ጉዳተኛ የሚመቸው ማሟሟቂያ ላይ ቆሞ ኳስ ማቀበል ነው፤ ወይም የወር መዋጮ መሰብሰብ።

አመላለሱ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ተቃራኒ በሌለበት ኳስ ማቀበልና መንዳት። ከዚያ ምልክት እየተዞረ መሮጥ፣ መጀመሪያ በሰፊ ቅስት፣ ቀጥሎ በጠባብ፣ በመጨረሻ ቀጥ ብሎ ቆሞ መዞር። ቀጥሎ በትንሽ ሜዳ ንክኪ በሌለበት ጨዋታ፣ ከዚያ የመጨረሻውን 20 ደቂቃ ሳይሆን የመጀመሪያውን 20 ደቂቃ መጫወት። አሠልጣኞች ከጉዳት የተመለሰን ሰው መጨረሻ ላይ ማስገባት ይወዳሉ፤ ለጤና ቡድን ግን ሁሉም ደክሞ እግር ለእግር የሚጠላለፈው ያኔ ነው፤ የእርስዎም ሰውነት ከዳር ቆሞ ቀዝቅዟል።

በደረቅና በጠጠራማ ሜዳ ላይ ረጅም ጥርስ ያለው ታኬታ መሬት ይዞ እግሩን ብቻውን ያዞረዋል፤ ብዙ አጫጭር የጎማ ጥርስ ያለውን ይምረጡ። ልባሽ ጫማ ከገዙ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ይዩት፤ ተረከዙ ወደ ውጭ ያጋደለ ከሆነ የቀድሞው ባለቤቱ አረጋገጥ እርስዎን ይጥልዎታል፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት። በጨዋታ ጊዜ በክር የሚታሰር ወይም ጠንካራ ማሰሪያ ያለው የቁርጭምጭሚት መደገፊያ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያድርጉ። ከዚህ ቀደም ወለምታ ለነበረበት ሰው መደገፊያ ጉዳቱ እንዳይደገም ይረዳል። የሚለጠጠው ተራ ፋሻ ግን እግር ለማሞቅ ካልሆነ እምብዛም አይይዝም።

ከጨዋታ በፊት ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ውጦ መግባት በሜዳዎቻችን የተለመደ ነው። ሕመሙ የሚነግርዎትን ወሬ ዘግተው እየተጫወቱ ነው ማለት ነው፤ ጨጓራ ላለበት ሰው ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው። ያለ መድኃኒት መጫወት የማይችል እግር ገና ስምንተኛው ደረጃ ላይ አልደረሰም።

ጨዋታ ከጀመሩ በኋላም የሚዛኑንና የላስቲኩን ልምምድ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይቀጥሉ።

እንደገና ቢታጠፍ

ወዲያው ከሜዳ ይውጡ። አራት እርምጃ መራመድ ካልቻሉ፣ ወይም የውጨኛው ወይም የውስጠኛው ቁርጭምጭሚት አጥንት የኋላ ጠርዝ ወይም ጫፉ፣ ወይም በእግሩ ውጭ ጎን መሃል ላይ ጎላ ብሎ የሚዳሰሰው አጥንት፣ ወይም በውስጥ ጎን ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ያለው አጥንት ሲጫኑት ካመመ፣ ስብራት ሊኖር ስለሚችል በዚያው ቀን ራጅ ይነሡ። ይህ ሐኪሞች በዓለም ዙሪያ የሚጠቀሙበት መለያ ነው። ስብራት ከሌለ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት እግሩን ከልብ በላይ ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፣ በሚለጠጥ ፋሻ ከጣቶች ወደ ላይ ይጠቅልሉ፤ አያሹት፣ በሙቅ ውኃ አይንከሩት፣ አልኮል አይጠጡ። ከዚያ ሕመሙ በፈቀደው መጠን መርገጥ ይጀምሩ፤ አልጋ ላይ መክረም ያደርቀዋል። ከተጠቀለለ በኋላ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ፋሻውን ሳይውሉ ሳያድሩ ፈትተው አላልተው ይሰሩት፤ ስሜቱ ካልተመለሰ ሆስፒታል ይሂዱ።